በጊንጋም ላይ የሚሠራ ጥልፍ

በጊንጋም ላይ የሚሠራ ጥልፍ ባለ ካሬ የጥጥ ጨርቅን በመርፌና በክር ዳንቴል የሚያስመስል የእጅ ሥራ ነው። በአሜሪካ «ቺክን ስክራች» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በሰፊው ስለተዘወተረ «የድቀት ዘመን ዳንቴል» የሚል ስምም አትርፏል። ዳንቴል ለመግዛት አቅሙ ላነሰው ቤት ርካሽ ምትክ ነበር።

ሥራውን የሚያቀለው ጨርቁ ራሱ ነው። ጊንጋም የሚሸመነው አስቀድሞ ቀለም ከተነከረ ክር ነው፦ ባለ ቀለም ድር ባለ ቀለም ማግ ሲያገኝ ደማቅ ካሬ፣ ነጭ ከነጭ ሲገናኝ ነጭ፣ ባለ ቀለሙና ነጩ ሲሻገሩ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ካሬ ይወጣል። በዚህ የተነሳ ንድፍ መሳል አያስፈልግም፤ ጠላፊዋ ካሬ እየቆጠረች ትሄዳለች።

የስፌቱ ዓይነት ሦስት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ድርብ መስቀል ነው፤ አንዱ መስቀል በሌላው ላይ ሲያርፍ ስምንት ጨረር ያለው ኮከብ ይሆናል። በደማቁ ካሬ ላይ በነጭ ክር ሲጠለፍ ካሬው ከሩቅ ነጣ ብሎ ይታያል። ሁለተኛው በፈዛዛዎቹ ካሬዎች ላይ የሚያርፍ አጭር ቀጥ ያለ ስፌት ነው። በሦስተኛው፣ መርፌዋ ጨርቁን ሳትወጋ በአራት ቀጥ ያሉ ስፌቶች ሥር ሥሩን ዞራ ክብ ትሠራለች። የዳንቴሉን መልክ የሚሰጠው ይኸው ክብ ነው።

ጥልፉ በወጥ ቤት ሽርጥ፣ በትራስ ልብስ፣ በጠረጴዛ ልብስና በመጋረጃ ላይ ይዘወተራል። ጥጥ በውኃ ስለሚሰበሰብ ጨርቁ ከመጠለፉ በፊት ታጥቦ መተኮስ አለበት።