የቮልስ ሞተርና የጋፋት መድፍ



ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ከአባቱ የወረሳት 1200 ቮልስ አለችው። «ቲቸር፣ ሞተሯን አስወርጄ 1600 ላስገባላት ነው። እንደ ስፖርት መኪና ነው የማደርጋት! ብሩ ስለማይበቃኝ የአባቴን ሞተር ልሸጠው ነው። ምን ይመክሩኛል?» አለኝ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ ታሪክ ነገርኩት።

ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሸ ነው። ልጁ ፌሪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኦስትሪያ ውስጥ፣ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ በነበረ ግቢ ይሠራ ነበር። ስፖርት መኪና አማረው፤ አገሩ ግን በጦርነት ደቅቋል፣ ዕቃ የለም። በእጁ ያለው የቮልስ ዕቃ ነው። 25 የፈረስ ጉልበት የነበረውን የቮልስ ሞተር ቴስታታውን አሻሽሎ፣ እመቃውን ጨምሮ ወደ 35 አደረሰው። ቦዲውን ደግሞ ከቀላል አሉሚኒየም ሠራው፤ መኪናዋ በሙሉ 585 ኪሎ ብቻ ሆነች። ሰኔ 1 ቀን 1940 ዓ.ም. መንገድ ላይ እንድትወጣ ተፈቀደላት። በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ትበር ነበር። የመጀመሪያዋ ፖርሸ እሷ ናት! ልብ በሉ፣ ፍጥነቷ የመጣው ከሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ክብደት በመቀነስም ነው።

አሁን ወደ እኛ ከተማ እንምጣ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። የልጁ 1200 በፋብሪካ 34 የፈረስ ጉልበት ቢሆን፣ እኛ ጋ ሲደርስ 25 አካባቢ ነው። ፌሪ ለፍቶ የጨመረውን ያህል ከፍታው ቀምቶናል ማለት ነው! አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል። ስለዚህ በትንሽ ብር የሚጀመረው ካርቡራቶሩን ለከፍታው በማስተካከል፣ ካንዴላውንና እመቃውን በማስፈተሽ ነው። ያኔ ምናልባት የአባቱ ሞተር ያልደከመ ሆኖ ይገኝ ይሆናል።

«1600 ግን 50 የፈረስ ጉልበት ነው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ጋፋትን አስታወስኩት።

ከከተማችን አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ እነ ዋልድማየር ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ መድፍ ቀላጮች ሆኑ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ትልቁ ፈተና ግን ከቀለጠ በኋላ መጣ። መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየፈለጡ መንገድ ማበጀት ግድ ሆነ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ጉዞው ወራት ፈጀ። ጉልበቱ ቀድሞ ተሠራ፣ የሚሸከመው መንገድ ግን ገና ነበር።

የቮልስም ነገር እንዲሁ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ያለውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። በ34 ጉልበት ልክ የተሠራ ፍሬን 50 ሲጫንበት ምን ይላል? ብር ከተገኘ መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ጎማ፣ ሞተር መጨረሻ። እሱም ቢሆን የአባትን ሞተር ሳይሸጡ።

ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እሺ ቲቸር፣ መጀመሪያ ካርቡራቶሩን ላሳየው» አለኝ። ሞተሩ እስካሁን አልተሸጠም።

ቮልስ የነዳችሁ ወይም የጠገናችሁ፣ እስኪ ለልጁ የምትመክሩትን ጻፉለት፤ ያነበዋል።