የክብደት ቁጥሩ የማን ነው? የሒሳብ ጥያቄ ባንክ በቶኮዛ ሚዛን

ብሩስ ቾፒን እ.ኤ.አ. በ1968 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጣው አጭር ጽሑፍ ደፋር ሐሳብ ሰነዘረ፦ የአንድን የፈተና ጥያቄ ክብደት፣ ተፈታኞቹ እነማን እንደሆኑ ሳይወስነው መለካት ይቻላል። መነሻው ዴንማርካዊው ጆርጅ ራሽ በ1960 ያሳተመው ሞዴል ነበር። በ1984 ራይትና ቤል ይህንኑ ወደ ጥያቄ ባንክ አሠራር አመጡት። ጥያቄው አንዴ ተሞክሮ ክብደቱ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወዲያ መምህሩ ከባንኩ የፈለገውን መርጦ ቢፈትን ውጤቱ በአንድ ሚዛን ይነበባል። ስለ ባንኩ ማከማቻ፣ ስለ ይለፍ ቃሉና ስለ ቀመር አጻጻፉ ብዙ ተብሏል፣ በአመዛኙም ትክክል ነው። የሚያከራክረው የክብደት ቁጥሩ ነው።

ሃርቪ ጎልድስቲን በ1979 ሞዴሉን ሲተች፣ የማስተማሩ ሥራ ሲለወጥ የትኛው ጥያቄ ከየትኛው ይከብዳል የሚለውም ይለወጣል ብሎ ነበር። ትችቱ ልክ ነው፤ ግን ሩቅ አልሄደም። ማስተማሩ ሳይለወጥ የፈተናው ቋንቋ ብቻ ቢለወጥስ?

ለምሳሌ የደቡብ አፍሪካዋን ቶኮዛ እንውሰድ፤ ከጆሃንስበርግ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከካትሌሆንግና ከቮስሉረስ ጎን፣ በኤኩርሁሌኒ ከተማ ትገኛለች። ዙሉ፣ ሶቶና ቆሳ የሚናገሩ ልጆች አንድ ሰፈር ያድጋሉ። እንደ አብዛኞቹ የአገሪቱ የጥቁሮች ሰፈር ትምህርት ቤቶች፣ እስከ 3ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከ4ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲማሩ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይታሰብ፦ «አንድ ሚኒባስ ታክሲ 15 ሰው ይጭናል። 100 ሰው ለማድረስ ቢያንስ ስንት ምልልስ ያስፈልገዋል?» ሲካፈል 6 ደርሶ 10 ይተርፋል፤ መልሱ ግን 7 ነው። ታክሲ ተሳፍሮ ያደገ ልጅ የተረፉት ሰዎች መንገድ ላይ እንደማይቀሩ አያጣውም። የሚያሰናክለው «ቢያንስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አለመረዳቱ ሊሆን ይችላል። ባንኩ ለዚህ ጥያቄ አንድ ክብደት ብቻ ሲመዘግብ ማካፈልንና ንባብን አንድ ላይ መዝኗል።

ስታክን በመሰሉ፣ ቁጥር እየቀያየሩ አዲስ ጥያቄ በሚያወጡ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ነገሩ ይብሳል። 100 በ90 ከተተካ ቀሪው ጠፍቶ መልሱ 6 ይሆናል፣ «ቢያንስ» የሚለው ቃልም ሥራ ይፈታል። አዘጋጁ ካልነቃ ሁለቱም በአንድ ክብደት ይቀመጣሉ።

ለዚህ ክርክር በሚገባ ያልተፈተሸ ምንጭ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 የተሰጠው የደቡብ አፍሪካ ዓመታዊ ብሔራዊ ምዘና። በ6ኛ ክፍል ሒሳብ አማካይ ውጤቱ በ2012 ከነበረበት 27 በመቶ በአንድ ዓመት ወደ 39፣ በ2014 ደግሞ ወደ 43 ወጣ። በ9ኛ ክፍል በእነዚሁ ሦስት ዓመታት 13፣ 14፣ 11 በመቶ ነበር። የየዓመቱን ፈተና የሚያገናኙ የጋራ ጥያቄዎች ስላልነበሩ፣ ልጆቹ ጎብዘው ይሁን ጥያቄው ቀልሎ መለየት አይቻልም። በ2015 የመምህራን ማኅበራት ተቃወሙና ምዘናው ቆመ። ተንታኞች የጋራ ጥያቄ አለመኖሩን ሲነቅፉ ቆይተዋል፤ ትክክል ናቸው። ነገር ግን እስከ 3ኛ ክፍል ያለው ምዘና በወቅቱ በነበሩት 11 የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋዎች ሁሉ ይታተም ነበር። አንዱን የሒሳብ ጥያቄ በ11 ቋንቋ የሚያነጻጽር ምን ዓይነት መዝገብ ሊወጣው ይችል እንደነበር ያሰበ ጥቂት ነው።

ኒክ ስፖል በ2016 ያሳተመው ጥናት እንደ መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። 3402 የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱን ፈተና በአንድ ወር ልዩነት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸውና በእንግሊዝኛ ወስደዋል፤ ጥናቱም ለዝቅተኛ ውጤታቸው ከቋንቋ ይልቅ ሌሎች ምክንያቶች ያመዝናሉ የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሷል። መልሱ አጭር ነው፤ ያ የብዙ ጥያቄዎች ድምር ውጤት ነው፣ ባንክ ግን የሚያስቀምጠው ነጠላ ጥያቄ ነው። በ«45 + 38» ላይ ምንም ያልሆነው ልዩነት በታክሲው ጥያቄ ላይ ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ ይሸፍነዋል። እርግጥ ይህ በየጥያቄው መረጋገጥ ያለበት ግምት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ (በእኛ አቆጣጠር የ1986ቱ) አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አድርጓል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ፈተናው ሾልኮ ሲሰረዝ የምስጢር አጠባበቁ አነጋጋሪ ነበር። ባንክ ፈተና ሲሰረዝ ተጠባባቂ ጥያቄ ያቀርባል፤ ክብደቱ በተፈታኞቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ተለይቶ ካልተለካ ግን ተጠባባቂው ከተሰረዘው ጋር እኩል መሆኑን የሚያሳይ ነገር የለም።

ስለዚህ በባንኩ መዝገብ ላይ ከርዕሱ፣ ከክፍል ደረጃውና ከተሰጠበት ቀን ጎን ለየቋንቋው የተለየ የክብደት መስመር ይግባ። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ለእያንዳንዱ መስመር ቢያንስ ጥቂት መቶ ተፈታኞች ያስፈልጋሉ። ተናጋሪዎቹ ጥቂት በሆኑበት ቋንቋ መስመሩ «አልተለካም» ተብሎ ባዶ ይቆይ፣ ጥያቄውም ለክፍል ልምምድ እንጂ ለንጽጽር አይዋል።