ተች ኦፍ ኢቭል (ፊልም)

«ተች ኦፍ ኢቭል» በ1958 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃ፣ ኦርሰን ዌልስ ጽፎ ያዘጋጀውና የተወነበት የአሜሪካ የወንጀል ምርመራ ፊልም ነው። ታሪኩ በአሜሪካና ሜክሲኮ ድንበር ላይ መኪና ውስጥ በተጠመደ ቦምብ ይጀምራል፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይቆረጥ የሚዘልቀው የመክፈቻ ቀረጻው በሲኒማ ታሪክ እጅግ ዝነኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ዌልስ የሐሰት ማስረጃ የሚያስቀምጠውን የፖሊስ መርማሪ ኩዊንላንን፣ ቻርልተን ሄስተን ደግሞ የሚያጋልጠውን ቫርጋስን ሆነው ይጫወታሉ።

ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግን ፊልሙን ከዌልስ እጅ ወስዶ አሳጠረው፤ ሃሪ ኬለር የቀረጻቸውን ትዕይንቶችም ጨመረበት። ዌልስ በ1957 መጨረሻ በ58 ገጽ ማስታወሻ እርማቶቹን ዘርዝሮ ቢማጸንም፣ አብዛኛው ሰሚ አላገኘም።

ኤዲተሩ ዋልተር መርች በ1998 ያንን ማስታወሻ ተከትሎ ፊልሙን እንደገና አቀናበረው። በመክፈቻው ላይ ተደርበው የነበሩ ስሞች ተነሡ፤ የሄንሪ ማንቺኒ ሙዚቃም ከየመንገዱ በሚሰማ ድምፅ ተተካ። በ1985 ያረፈው ዌልስ ይህን ቅጂ አላየውም።