ምጣድ፦ እሳቱ ከሥር ወደ ሆድ ሲገባ

ምጣድ የሚለው ስም የተወለደው «ጣደ» ከሚለው ግስ ነው፤ ትርጉሙም እሳት ላይ የሚጣድ ማለት ነው። ሦስት ጉልቻ፣ ከሥሩ የሚነድ እንጨት፣ ከላዩ አክንባሎ፦ ስሙ ይህን ሁሉ ይዞ ኖሯል።

ዛሬ በጤፍ አገር፣ በቢቸናና በሞጣ ከተሞች፣ መብራት በገባበት ቤት ያለው ምጣድ ግን ምንም ላይ አይጣድም። እሳቱ ሆዱ ውስጥ ነው። የሸክላው ጀርባ በቦይ ይፈለፈላል፣ ብዙዎች «ሬዚስታንስ» የሚሉት ጠምዛዛ ሽቦ በቦዩ ይዘረጋል፣ በጄሶም ይሸፈናል። ፊቱ ያው የጥንቱ ሸክላ ነው፤ ማሰሻውንም ሰፌዱንም አይለቅም። ስሙ ሳይለወጥ የቀረው በዚህ ይመስላል፤ ደግም ሆነ። እንጀራው ዓይን የሚያወጣው በሸክላው ፊት ላይ ነውና።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። ባለ 10 ዋት 350 አምፖሎች ባንድ ጊዜ እንደማብራት ነው! ቀጭን ገመድና ልል ሶኬት ይህን አይችሉም፤ ይግላሉ፣ ይቀልጣሉ። ስለዚህ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ሊዘረጋለት ይገባል።

ሸክላ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል። ልማደኛ ጋጋሪዎች ሊጡን አጠራቅመው ባንድ ትኩሳት ይጨርሳሉ፤ ሶኬቱን ቀድመው ነቅለውም የመጨረሻዋን እንጀራ በቀረው ግለት ያወጣሉ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የእንጨቱ ምጣድ ይፈለጋል። ያኔ «ጣጂው» የሚለው ትእዛዝ እንደገና በቀጥታ ትርጉሙ ይነገራል።