የመስቀል መንገድና የጭሱ ዕዳ

መስቀል ሲደርስ የጨንቻ ደጋ በሰው ይሞላል። ዓመቱን ሙሉ በአዲስ አበባ፥ በሽሮ ሜዳ፥ ከሸማ ጉድጓዱ ሳይወጣ የከረመው ሸማኔ ለእናቱ ነጠላ፥ ለአባቱ ጋቢ ይዞ ወደ አገሩ ይገባል። የቅርጫው በሬ ይታረዳል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ደመራው ይለኮሳል፤ አዲስ ሙሽሮች አጊጠው ገበያ ይወጣሉ፤ የተጣላም ይታረቃል። ለመስቀል ያልመጣ ልጅ ቢኖር ታሞ ነው ወይም ሞቷል ተብሎ ይታሰባል። አባቴም ከነዚሁ ሸማኔዎች አንዱ ነበረ።

አያቴ ይህን መንገድ በእግሩ ይሄደው እንደ ነበረ አባቴ ያጫውተኝ ነበር። ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ወንዝ ሞልቶ ሲያግድ ደግሞ ከዚያም ይበዛል። በኋላ የጭነት መኪና መጣ፤ አባቴ በጆንያ ላይ ተቀምጦ ተመላለሰ። እኔ ደግሞ በአውቶቡስ፥ በወንበር ላይ ተቀምጬ፥ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል በአንድ ቀን አርባ ምንጭ እገባለሁ፤ ከዚያ ወደ ጨንቻ ዳገቱን መውጣት ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አያቴ ለበዓሉ ሲመጣ ያቃጠለው ነገር ቢኖር የገዛ ጉልበቱን ነበረ። እኔስ ምን አቃጠልሁ?

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ከራሱ ከናፍጣው ክብደት መብለጡ አያስደንቅህ፤ በናፍጣው ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክስጅን እየተቀበለ ስለሚከብድ ነው። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡሱ በመቶ ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ይጠጣል ብንል 150 ሊትር፥ ማለትም 405 ኪሎ ጋዝ ይሆናል። ለ60 መንገደኛ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሰባት ኪሎ አይሞላም፤ ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ተኩል ነው። ለዚሁ በዓል ከዋሽንግተን በአይሮፕላን መጥቶ የሚመለሰው ወንድማችን ግን ከአንድ ቶን በላይ ያወጣል፤ ይህም የሸማኔውን ከሰባ እጥፍ በላይ ይበልጣል። በትልልቅ በዓላት ላይ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛው ጭስ የሚወጣው ከመድረኩ ሳይሆን ከእንግዶቹ መንገድ ነው። ደመራችንን የሚያማ ሰው ይህን ቢያስታውስ ደግ ነው።

ለበዓል ጭስ ካሳ መክፈል በሰፊው ዓለም የታወቀ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ በጀርመን አገር ሲደረግ አዘጋጆቹ የጭሱን ካሳ በሕንድና በደቡብ አፍሪካ በተሠሩ ሥራዎች እንከፍላለን አሉ፤ ከፈሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 የቀጠር ዋንጫ ከዕዳ ነጻ ነው ተብሎ ተነገረ፤ ነገር ግን በተከታዩ ዓመት የስዊዘርላንድ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ይህ አነጋገር ሕዝብን የሚያሳስት ነው ሲል ፈረደ። የገንዘብ ካሳ እንዲህ ነው፤ መክፈልም ያለ መክፈልም ያስመስላል።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ አውቶቡሳችን ሁምቦን ያልፋል። የሁምቦ ተራራ ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቶ፥ በዝናብ ጊዜ አፈሩ እየተናደ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን ከአገሩ ገበሬዎች ጋር 2,728 ሄክታር ከልሎ ሥራ ጀመረ። የሚበዛው ቦታ ችግኝ አልተተከለበትም፤ ከመሬት በታች ያሉት የድሮ ጉቶዎች ሥራቸው ገና ሕያው ስለ ነበረ፥ ከብት ተከልክሎ ቡቃያው እየተመለመለ እንዲያድግ ተደረገ እንጂ። ዱሩ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ጋዝ ይሰበስባል ተብሎ ታስቦ፥ እ.ኤ.አ. በ2009 በኪዮቶ ውል መዝገብ ገባ፤ የዓለም ባንክም ከዚሁ 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። ለገበሬዎቹ ማኅበራት ገንዘብ መጣላቸው።

እኔም በወንበሬ ላይ ሆኜ አሰላሁ። በሁምቦ ግምት አንድ ሜትር ካሬ በዓመት አንድ ኪሎ ያህል ይሰበስባል፤ ስለዚህ የእኔን የመስቀል መንገድ የሚያካክሰው ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች ዱር ናት። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ታየኝ፤ ለሌላ የተሸጠው የሁምቦ ዛፍ እንደገና ለእኔ ዕዳ ሊቈጠር አይችልም። አንድን በሬ ለሁለት ቅርጫ ማካፈል ይሆናል።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ማኅበር (ስሙ ይቅር) የበዓሉን ጭስ ላካክስ ብሎ በሰፈራችን የግጦሽ መሬት ላይ ብዙ ችግኝ ተከለ። ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ። እኔም ጉድጓድ ከቈፈሩት አንዱ ነበርሁ፤ አጎቴ ዳር ቆመው፥ «ልጄ፥ ይህን ማን ይጠብቀዋል?» ብለው ሲጠይቁኝ ሥቄ አለፍኋቸው። በሚቀጥለው መስቀል ስመለስ የቀረው ጉድጓዱ ነበረ። ፎቶግራፉ ግን አሁንም አለ።

አጎቴ ያንጊዜ በእጃቸው ይዘውኝ ወደ አሮጌው የአምልኮ ዱር ሄዱ። ጋሞ በየሰፈሩ እንዲህ ያሉ ዱሮች አሉት፤ ከእነዚያ ዛፍ መቍረጥ ጎሜ ነው፥ ማለት በራስና በአገር ላይ መዓት የሚያመጣ ነውር። ግንዶቹ ለሦስት ሰው እቅፍ የሚበቁ ነበሩ። ዳር ዳሩ ላይ ግን አዲስ ጉቶ አየሁ፤ ባሕር ዛፍም ተጠግቶታል። «የተከላችሁት ደረቀ፤ ይህን ደግሞ የሚቈጥረው የለም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ባለፈው ክረምት በእናቴ ጓሮ፥ ከእንሰቱ አጠገብ፥ ሦስት በአራት ሜትር ለክቼ ኮሶ ተከልሁ። ትንሽ ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሰበስበው ከቁጥር እንደማይገባ አውቃለሁ፤ የሁምቦው ሥሩ አሮጌ ነው። የመጀመሪያውን ፍየል በላው፤ ሁለተኛውን በቀርከሃ አጠርሁት። እናቴ ግን ቦታው ለእንሰት ይሻል ነበር ትላለች፤ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማንም።