የጡረተኛው ወግና የይፋት ታሪክ

«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው። መጦር ማለት አረጋዊን ማብላት፣ ማልበስ፣ በዕድሜው ማምሻ ላይ በክብር መያዝ ነው፤ «ጧሪ ቀባሪ» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። በቀድሞው ዘመን የሸዋ ሰው ጉልበቱ ሲደክም የሚጦሩት ልጆቹ ነበሩ፤ ልጅ ያልሰመረለት ወይም ዓለም በቃኝ ያለ ክርስቲያን ቆብ ደፍቶ ወደ ገዳም ያመራ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሕግ የተደነገገው በ1953 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ከተሞች አዲስ ዓይነት ሽማግሌ ታየ፤ ያልመነኰሰ፣ የልጅን እጅ ብቻ የማይጠብቅ፣ አበሉ ትንሽ፣ ጊዜው ግን ብዙ የሆነ ሽማግሌ። የመድረክ ጸሐፊዎች ይህን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስገቡት ለማሳቅ ነው፤ ጋዜጣ በብብቱ፣ ከዘራ በእጁ፣ «በእኛ ጊዜ» በአፉ ሆኖ ይገባል፣ ተመልካቹ ይስቃል፣ ይወጣል። የታሪክ ተመራማሪ ግን አብሮ ሊስቅ አይገባውም። በተለይ የይፋትን ቆላ ታሪክ ለሚያጠና ሰው ከጡረተኛ ወግ የሚቀድም ምንጭ እምብዛም የለም።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ጋቢው እየከበደው ይሄዳል፤ ከተማዋ ሲደርስ ያወልቀዋል። በዚህ ሙቀት የጡረተኛው ቀን የሚጀምረው ከፀሐይ በፊት ነው። በጓሮው ያሉትን ማንጎና ፓፓያ ያጠጣል፤ ሬዲዮኑን ይከፍታል፤ ቡና ከጎረቤት ጋር ይጠጣል፤ ረፋዱ ላይ ጥላ ፈልጎ ዳማ የሚጫወቱ ጓደኞቹን ይቀላቀላል። ከዚያ ወግ ይጀመራል። የሽንኩርትና የማሾ ዋጋ ይነሣል፤ ከዋጋው የመንገድ መዘጋት ወሬ ይከተላል፤ የመንገዱ ወሬ ደግሞ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በዚሁ አስፋልት ዳር ከወሎ በእግሩ እየተጓዘ የመጣውን፣ ልጅ ያዘለውንና ያስቀበረውን ረሃብተኛ ያስታውሳል። ወጉ በዓመተ ምሕረት ቅደም ተከተል አይሄድም። የዛሬው ዜና የትናንቱን ይቀሰቅሳል እንጂ ማንም «ታሪክ ንገረን» ብሎ የጠየቀ የለም። ሰሚው መስሎት በወሬ ጊዜ ያጠፋል፤ የሚሰማው ግን በየትኛውም መዝገብ ቤት የማያገኘውን ነው።

እንዲህ ያለው ወግ ለይፋት አዲስ ነገር አይደለም። የይፋት ጥንታዊ ታሪክ ራሱ በአብዛኛው የተጻፈው ከወግ ነው። አል ዑመሪ በአሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት በካይሮና በደማስቆ በማምሉክ ሡልጣኖች ጽሕፈት ቤት ያገለገለ ባለሥልጣን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1349 እስኪሞት ድረስም ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። በታላቁ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሰባቱ የእስልምና ግዛቶች፣ ከእነሱም ስለ ይፋት የጻፈውን ያገኘው ወደ ካይሮ ከተሻገሩ ሰዎች አፍ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሼህ ዐብደላህ አል ዘይለዒ ነበር። ይህ ሰው ካይሮ የሄደው ታሪክ ሊያወራ አልነበረም፤ ፓትርያርኩ ለኢትዮጵያው ንጉሥ ደብዳቤ እንዲጽፍና የሙስሊሞቹ መከራ እንዲቀልል ለመማለድ ነበር። ጉዳዩን እስኪያስፈጽም በተቀመጠበት ጊዜ ግን ስለ አገሩ እህል፣ ፍራፍሬ፣ ከብትና ልማድ ተናገረ፤ ጸሐፊውም መዘገበ። ጤፍ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ጫትም አለ፤ ቅጠሉ አእምሮን እንደሚያነቃ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ፣ የተረሳውንም ወደ ልብ እንደሚመልስ የተነገረው ሁሉ ተጽፏል። የመጨረሻው አባባል እውነት መሆኑን ለማጣራት ሐኪም ያስፈልጋል፤ በይፋት የሽማግሌ ጉባኤ ዘንድ ግን ዛሬም ተቃዋሚ አያገኝም።

ከአል ዑመሪ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው አል መቅሪዚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1364 በካይሮ የተወለደው ይህ ሰው በከተማይቱ የገበያ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል፤ በደማስቆም በሥራ ላይ ቆይቷል። ከዚያ ሹመቱን ትቶ ቀሪ ዕድሜውን ለታሪክ ሰጠ፤ በዛሬ ቋንቋ ጡረተኛ ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ839 ዓመተ ሂጅራ ዕድሜው ሰባ ዓመት አልፎት በመካ በተቀመጠበት ጊዜ ለሐጅ ከመጡ የአገሩ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ የእስልምና ነገሥታት እየጠየቀ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። ዑመር ወላስማ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ከይፋት ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ያፈገፈገው ሐቀዲን፣ በዘይላ ደሴት የተገደለው ወንድሙ ሰዕደዲን፣ ወደ የመን የተሻገሩት ልጆቹ፤ የወላስማ ቤት የትውልድ ሐረግና የመከራ ታሪክ ዛሬ በአብዛኛው የሚታወቀው በዚህች መጽሐፍ ነው። የአንድ ሥርወ መንግሥት ታሪክ በሥራ ፈት ሽማግሌ ጠያቂነትና በመንገደኞች አንደበት ተረፈ ማለት ነው። ስሞችና ዘመናት እንደሚዛነፉ ግልጽ ነው፤ ሊቃውንት በሰዕደዲን የሞት ዓመት እንኳ አይስማሙም። ሆኖም አል መቅሪዚ ባይጠይቅ ኖሮ የሚከራከሩበትም ነገር ባልኖረ።

በዚያው በአሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት የዐፄ ዐምደ ጽዮንን ዘመቻ የጻፈው የግእዝ ዜና መዋዕል ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 ስለተደረገው ውጊያ የሚተርከው ይህ ድርሰት በኃይለ ቃሉና በአሰካኩ ከአገሪቱ የሥነ ጽሑፍ ቅርሶች አንዱ ነው፤ ይፋትን የሚያየው ግን ከንጉሡ ድንኳን ነው። የሚያሳየው ጦር የሚወርድበትን ቁልቁለት ነው፤ ቆላው ውስጥ የሚኖረው ሰው ምን እንደሚዘራ አይጠይቅም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የቆላው ሕይወት ሾልኮ ይገባል፤ የይፋቱ ሰብረዲን ድል ባደርግ በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መፎከሩን ጸሐፊው ይነግራል። ጸሐፊው ይህን የመዘገበው የጠላትን ዕብሪት ሊያጋልጥ ነበር። ሳያስበው ግን በአገሪቱ ስለ ጫት ከተጻፉት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱን ትቶ አለፈ።

ቀጣዮቹ ምዕተ ዓመታት ለይፋት የግመል መንገድ ዘመናት ናቸው። ከታጁራ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በአፋር በረሃ፣ በፋሬ በኩል ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣ ነበር፤ አሞሌው፣ ጥጡ፣ ቡናው፣ በሚያሳዝን ሁኔታም ባሪያው በዚያ ይለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በዚህ መንገድ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ፤ የጻፋቸው ሦስት ጥራዞች በአደባባይ ሥርዓትና በግብር ድግስ የተሞሉ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ግን ንዳድ ያዘውና አልዩ አምባ ላይ ለወራት ተኛ። የታመመ ሰው ከጎረቤት በቀር ማንን ያያል? ስለዚህ የጻፈው ስለ እንጀራ አጋገር፣ ስለ ሸማኔ፣ ስለ ጥጥ ዋጋ፣ ደጃፍ ላይ ስለሚወራው ነገር ነው። ስለ ይፋት ሕዝብ የዕለት ኑሮ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ ከሃሪስ ይልቅ ጆንስተንን ቢከፍት ያተርፋል።

የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ የግመሉ መንገድ ሞተ። አልዩ አምባ ከተራራው ሥር እንደተቀመጠች ቀረች። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም መካከል ወራሪው የኢጣሊያ መንግሥት ጣርማ በርን በስቶ ለጦሩ መኪና መንገድ ሲዘረጋ ደግሞ የቆላው ሕይወት ወደ ጎማው ዳር ዞረ። ዛሬ በሸዋ ሮቢት ጥላ ሥር የሚቀመጡት ጡረተኞች የዚህ መንገድ ልጆች ናቸው። ጥቂቶቹ በሹፌርነት፣ ጥቂቶቹ በአስተማሪነት፣ ጥቂቶቹ በትምባሆ እርሻው በሠራተኛነት ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊደመጥ የሚገባው የወባው ወግ ነው። የደጋው ሰው ቀድሞ ወደዚህ ቆላ ለአጨዳ ሲወርድ ሌሊቱን እንዳያድር ይጠነቀቅ ነበር። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም መካከል የተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ በአገሪቱ 150,000 የሚገመት ሰው ጨረሰ። በ1951 ዓ.ም የወባ ማጥፋት አገልግሎት ሲቋቋም ወጣቶች የመርጫ ጋን እየተሸከሙ በየመንደሩ ተሠማሩ። ወደ እያንዳንዱ ቤት ገቡ፤ የቤተሰቡን ቁጥር ጠየቁ፤ ዲዲቲ ግድግዳው ላይ ረጩ፤ በሩ ላይም የቤቱን ቁጥር ጻፉ። ለብዙ የገጠር ቤት የመጀመሪያው የመንግሥት ቁጥር ይህ ነበር። ከግብር ሰብሳቢ በቀር የመንግሥት ሰው በማያውቀው ጎጆ፣ አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በሚነገርበት አገር፣ ሴቲቱ እቃዋን ለመርጨት እንድታወጣ በምን ቋንቋና በምን ልመና ተባለች? ማን እምቢ አለ? ይህን የጻፈ ዘገባ ቢኖር የተረጩትን ቤቶች ቁጥር ይነግር እንደሆን እንጂ የልመናውን ቃል አይነግርም። ቃሉን የሚያውቀው ጋኑን የተሸከመው ሰው ነው።

ባለሥልጣን ሲሆን ነገሩ ይለያል። በሰሜን ሸዋ በሰያ ደብር የተወለዱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ዐድዋ የዘመቱ፣ በሩሲያ የተማሩ፣ «ፋቡላ» በተባለው ድርሰታቸው የኢትዮጵያን ዘመናዊ ቲያትር የጀመሩ፣ የ1923 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ያረቀቁና በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተከራከሩ ሰው ነበሩ። ከስደት መልስ ወደ ሹመት አልተመለሱም፤ በሐረርጌ ሂርና እርሻቸውን እየተከታተሉ ያለፉበትን ጻፉ። በ1969 ዓ.ም አረፉ፤ የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ የወጣው ግን ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የእጅ ጽሑፉ ቤተሰብና ወረቀት ጠብቆት ቆየ። ፊታውራሪው ብዕር ያላቸው፣ ስም ያላቸው፣ ጠባቂም ያገኙ ጡረተኛ ነበሩ። የወባ ረጪው፣ የመንገድ ሠራተኛው፣ በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያስቆጠረው አስተማሪ ይህ ሁሉ የላቸውም። ያላቸው የረፋድ ጥላና አድማጭ ጓደኛ ብቻ ነው።

ያም ቢሆን በቅርቡ ተናግቷል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም በይፋት በተነሣው ግጭት አጣዬ ስትቃጠል መኖሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ተቃጥሏል፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረደ። ነዋሪው ወደ ደብረ ብርሃንና ከዚያም ወዲያ ተሰደደ፤ ከተሰደዱት መካከል የጡረታ ደብተራቸውን ብቻ በኪሳቸው ይዘው የወጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ወረቀት በተቃጠለበት ቦታ የሰው ትዝታ የመዝገብ ቤቱን ሥራ ተረክቧል። መሬቱ ከ1967 ዓ.ም አዋጅ በፊት የማን ነበር፣ ጉድጓዱን ማን ቆፈረው፣ የአርጎባውና የአማራው፣ የኦሮሞውና የአፋሩ ሽማግሌዎች ለዕርቅ የሚቀመጡት ከየትኛው ዛፍ ሥር ነበር የሚለው ጥያቄ ሁሉ ወደ እነዚያ ሽማግሌዎች ይመለሳል። የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ለጊዜ ማሳለፊያ የሚጠየቅ አይደለም።

በይፋት ሸንተረሮች ላይ የኖራ፣ የአስባሪና የሌሎችም ጥንታዊ ከተሞች የድንጋይ ፍራሽ አለ፤ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ሲለኩትና ሲመዘግቡት የአካባቢው ሰው ከድሮ ጀምሮ ያውቀው ነበር። ድንጋይ ስድስት ምዕተ ዓመት ጠብቋል። በየትምህርት ቤቱ የታሪክ አስተማሪ አለ፤ በየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት አለ፤ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ በየተማሪው ኪስ አለ። ዳማው ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት አያልቅም።