የተማሪዎች የዲጂታል ተሞክሮ ጥናት
የተማሪዎች የዲጂታል ተሞክሮ ጥናት፣ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኮምፒውተርን፣ የእጅ ስልክንና የኢንተርኔት መማሪያ መድረኮችን ለትምህርታቸው እንዴት እንደሚጠቀሙና ምን እንደሚያስቸግራቸው ከራሳቸው አንደበት የሚመረምር ዘርፍ ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ ማርክ ፕሬንስኪ በ2001 እ.ኤ.አ. «የዲጂታል ተወላጆች» ሲል የሰየመው ትውልድ፣ ከኮምፒውተርና ከቪዲዮ ጨዋታ ጋር በማደጉ አስተሳሰቡ ከቀደምቶቹ በመሠረቱ የተለየ ነው ብሎ ነበር፤ ተከታዮቹ ጥናቶች ግን በአንድ ዕድሜ ክልል ባሉ ወጣቶች መካከል እንኳ የዲጂታል ክህሎት እንደ ቤተሰብ አቅምና እንደ ትምህርት መስክ በእጅጉ እንደሚለያይ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የተካነ ተማሪም የምርምር ጽሑፍን ተአማኒነት መመዘን ሊያዳግተው እንደሚችል አሳይተዋል። በብሪታንያ፣ ለኮሌጆችና ለዩኒቨርሲቲዎች የዲጂታል አገልግሎት የሚሰጠው ጂስክ የተባለው ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. በሙከራ ደረጃ የጀመረው የተማሪዎች መጠይቅ፣ ኋላ በየጊዜው የሚካሄድ አገር አቀፍ ጥናት ሆኗል፤ ትልቁ ጥቅሙም እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ተማሪዎች ምላሽ ከአገር አቀፉ ውጤት ጋር እንዲያነጻጽር ማስቻሉ ነው። እንዲህ ያሉ መጠይቆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት በኢንተርኔት በመሆኑ ግን፣ መስመር የሚቆራረጥበት ወይም የራሱ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ፣ ማለትም ድምፁ ከሁሉ በላይ ሊሰማ የሚገባው፣ ከናሙናው የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪዎች መጠይቁን በቃለ መጠይቅና በቡድን ውይይት ያሟሉታል።